መሣሪያው ከልጁ ቤት ይደር

ሰው ሥራን የሚማረው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ በእጁም ነው። ገበሬ ስለ ሞፈርና ስለ ቀንበር ዓመት ሙሉ ለልጁ ቢነግረው፣ ልጁ ዕርፍ ካልጨበጠ አራሽ አይሆንም። ሸማኔም ልጁን መወርወሪያ ሳያስይዘው ሸማኔ አላደረገውም። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ወደ ሙዚቃ ትምህርት ስንመጣ የምናውቀውን እንረሳለን። ልጆችን በክፍል ሰብስበን «ይህ ክራር ይባላል፤ ይህ ማሲንቆ ይባላል፣ አውታሩም አንድ ነው» እያልን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን እናሳያቸዋለን። ፈተና በደረሰም ጊዜ የአውታሩን ቍጥር እንጠይቃቸዋለን። ልጁም «አንድ» ብሎ ይጽፋል፤ ነጥቡንም ያገኛል፤ ማሲንቆ ግን ሳይነካ ያድጋል።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በመምህርነት ነው። አሁን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በአገራችን ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ ከየት ያገኙ እንደ ነበር፣ መሣሪያው ሲሰጣቸውና ሲከለከላቸውም ምን እንደ ደረሰ ከታሪክ እየለቀምሁ ለወጣቶች መንገር የሚጠቅም መሰለኝ። የምናገረው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የሙዚቃ መሣሪያ ለልጅ ትምህርት የሚሆነው ልጁ ወደ ቤቱ ይዞት ሲሄድና ማታና ጧት ሲነካው ነው የሚል ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፦ መሣሪያ፣ መምህርና በቤት ውስጥ የሚገኝ ጊዜ። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል የቀሩት ሁለቱ ፍሬ አያፈሩም።

በመጀመሪያ የአባቶቻችንን ሥርዓት እንመልከት። በስድስተኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ዓይነት ዜማዎች የቤተ ክርስቲያንን ዝማሬ እንዳቆመ ይነገራል። ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሽቶ ሳለ፣ ከዛፍ ሥር ዐርፎ አንዲት ትል እየወደቀች እየተነሣች ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰም ሁላችን ሰምተናል። ይህ ታሪክ የሚነገረን ስለ ትዕግሥት ነው። እኔ ግን ሌላም ትምህርት አገኝበታለሁ፤ ትሏ ከዛፉ ሥር ባትኖር ኖሮ አትወጣውም ነበር። ብዙ ጊዜ ለመውደቅና ብዙ ጊዜ ለመነሣት ዛፉ ዘወትር ከአጠገብ መሆን አለበት።

የአብነት ትምህርት ቤትም የተሠራው በዚህ ጥበብ ነው። የዜማ ተማሪ ከአገሩ ርቆ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ቀን ከመምህሩ የተቀበለውን ማታ በጎጆው ይቀጽለዋል። ድጓውን ለመጨረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። የመጀመሪያው መሣሪያ የገዛ ጉሮሮው ነውና ማንም ሊቈልፍበት አይችልም። ወደ አቋቋም በገባም ጊዜ መቋሚያውንና ጸናጽሉን በእጁ ይይዛል፤ ከበሮውንም ከባልንጀሮቹ ጋር እየተለዋወጠ ይመታል። ስለዚህ በዚያ ትምህርት ቤት መሣሪያው፣ መምህሩና ማደሪያው አንድ ላይ ናቸው። ተማሪው እንጀራ ሊጐድለው ይችላል፤ የሚማርበት ነገር ግን አይርቀውም።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ቢሆን መሣሪያው ከቤት የራቀ አልነበረም። እረኛ ሸምበቆ ቈርጦ፣ በጋለ ብረት አራት ቀዳዳ ነድሎ ዋሽንት ያበጃል። ሸምበቆው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፤ ሲያጥር ይቀጥናል፤ እረኛውም ይህን ፊደል ሳይቈጥር በከንፈሩ ያውቀዋል። ክራርም ቢሆን ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ ገበቴ፣ በገበቴው ላይ የሚወጠር ቈዳ፣ ሁለት ምሰሶ፣ ከላይ የሚያጋጥማቸው አንድ ቀንበር፣ ከዚያም አምስት ወይም ስድስት አውታር ነው። ልብ በሉ፤ ገበሬው በሬዎቹን የሚጠምድበትና ክራር ሠሪው አውታሩን የሚያስርበት እንጨት በስም አንድ ናቸው። አባቶቻችን ሁለቱንም የቤት ዕቃ አድርገው ይቈጥሩ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ከዚሁ ጋር አንድ ትልቅ ዕንቅፋት ነበረ፤ እርሱም ንቀት ነው። በገና የዳዊት መሣሪያ ነው እየተባለ በታላላቅ ሰዎች ቤት በዐቢይ ጾም ሲደረደር፣ ክራርና ማሲንቆ ግን የሥራ ፈት ዕቃ ተደርገው ይታዩ ነበር። ልጅ ክራር ይዞ የተገኘ እንደ ሆነ «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ተብሎ ይቈጣሉት፤ አንዳንዱም አባት ክራሩን ይሰብርበት ነበር። አዝማሪው በሰርግ ይጠራል፤ ያሞግሳል፤ ሽልማት ይሰጠዋል፤ ልጅን ለእርሱ ሙያ መስጠት ግን እንደ ውርደት ይቈጠራል። እንግዲህ ድህነት መሣሪያን ከልጅ እጅ ከነጠቀበት ጊዜ ይልቅ ንቀት የነጠቀበት ጊዜ ይበዛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ከውጭ አገር ወደ መጡት መሣሪያዎች እንለፍ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ተሰማ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ አርባ የናስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ላከ። መሣሪያዎቹም ብቻቸውን አልመጡም፤ ትውልዱ ከፖላንድ የሆነ ሚሌቭስኪ የተባለ የሙዚቃ መምህር አብሮ መጣ። በቤተ መንግሥት መለከትና እምቢልታ ከጥንት ጀምሮ ይነፉ ስለ ነበር ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን በኖታ የሚመራ የማርሽ ሙዚቃ በአገራችን የተጀመረው በዚያን ዘመን ነው።

በዚህ ስጦታ ሰጪው የሠራውን ብልሃት ማስተዋል ያስፈልጋል። መለከቱን ከመምህር ጋር ላከው። ዛሬ ብዙ በጎ አድራጊዎች ይህን ይረሱታል። ሆኖም እነዚያ አርባ መሣሪያዎች የቤተ መንግሥት ዕቃዎች ነበሩ። ለእንግዳ አቀባበልና ለሰልፍ ይነፉ ነበር እንጂ፣ የአንድም ልጅ ቤት ዕቃ ለመሆን አልመጡም። ስለዚህ ድምፃቸው አደባባዩን ሞላው፤ ወደ መንደሩ ግን ገና አልገባም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሩብ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ ሌላ አርባ መጣ፤ ይህኛው ግን የመሣሪያ ሳይሆን የልጆች ቍጥር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም በአርመኖች ገዳም ውስጥ የሚያድጉ እናት አባት የሌላቸው ልጆች የናስ ሙዚቃ ሲነፉ ሰሙ። እነዚህ ልጆች በኦቶማን መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ፣ በአርመኖች ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሹም ከአርመኖች ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ወሰኑ። ልጆቹ በዚያው በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ። መምህራቸውና አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ቃሉን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜም አገለገለ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ መጥተው በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ሙዚቃን አስተማሩ። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተነሡ ብዙ ሰዎች በቀጥታም ይሁን በተዘዋዋሪ የእነዚህ ስደተኞች ደቀ መዛሙርት ናቸው።

አሁን ሁለቱን አርባዎች አነጻጽሩ። የመጀመሪያው አርባ ናስ ነው፤ ሁለተኛው አርባ እጅና ትንፋሽ ነው። አባት እናት የተገደሉባቸው፣ ቤት የሌላቸው፣ ልብሳቸው እንኳ የገዳም ምጽዋት የነበረ ልጆች፣ አንድ ነገር በእጃቸው ስለ ያዙ ለአንድ መንግሥት ክብር ሆኑ። ለእነዚያ ልጆች መለከት የሰጠ ሰው «ወላጅ አልባ ናቸውና ይሰብሩታል፤ ይሸጡታልም» ብሎ ቢፈራ ኖሮ፣ እኛም ታሪካችን በጐደለ ነበር።

በዚያው አርባ ልጆች በገቡበት በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። አባትዋ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ የተማሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው የውብዳር በስድስት ዓመትዋ ከእኅትዋ ከስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ተላከች፤ በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። ይህች ልጅ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ተብለው በዓለም የታወቁት ናቸው።

የእርሳቸውን ሕይወት ስንመለከት መሣሪያ ከእጅ እየተነጠቀ እየተመለሰ ያለፈ ሕይወት ሆኖ እናገኘዋለን። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ አዚናራ ደሴት፣ ከዚያም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለው መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ ቫዮሊን መምህር ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር፤ ሙቀቱ ግን ጤናቸውን ስለ ጐዳው ተመለሱ። ወደ ለንደን ለመሄድ የነበራቸው ተስፋ በተሰናከለ ጊዜ ዓለምን ንቀው በግሸን ማርያም መነኰሱ፤ በዚያም ተራራ ላይ ጫማ ሳያደርጉ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ።

በኋላም ወደ ጎንደር ወርደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ አንድ ነገር ልባቸውን ነካው። የዜማ ተማሪዎቹ ቀን ለምነው እየበሉ፣ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየተኙ ይማሩ ነበር። እማሆይም የሚሰጣቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው ፒያኖ የተጫወቱበትን ሸክላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በጀርመን አገር አሳትመው የሚገኘው ገቢ ለችግረኞች እንዲውል አደረጉ። እንግዲህ አስተውሉ፤ አባታቸው በሕፃንነታቸው ያስያዟቸው መሣሪያ ከአርባ ዓመት በኋላ የማያውቋቸውን ተማሪዎች መገበ። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያውያን ገዳም ኖሩ፤ በትንሽዋ ክፍላቸውም ከአልጋቸውና ከሥዕሎቻቸው ጋር አንድ ፒያኖ ነበረ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የቆመው ድርጅትም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ለማገዝ የተመሠረተ ነው።

«ይህ የከንቲባ ልጅ ታሪክ ነው፤ ደኻ ምን ያድርግ?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱን ከእንጦጦ አመጣለሁ። በ1942 ዓ.ም. የተወለዱት የበገና መምህር ዓለሙ አጋ በገና የተማሩት በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ በሰፈራቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ለዚህ ትምህርት ባሕር አልተሻገሩም፤ ጐረቤት ሄዱ እንጂ። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱ ከሕፃን ልጅ ቁመት የሚተካከል ትልቅ መሣሪያ ነው። አውታሩ ከበግ አንጀት የተገመደ ነው፤ እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ ቈዳዎችም ድምፁን እንደ ንብ ያስተጋቡታል። ያ ልጅ አድጎ በቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን አስተማረ፤ የበገናን ድምፅም እስከ ሩቅ አገር አሰማ። አንድ ሽማግሌ ለአንድ የጐረቤት ልጅ ቤታቸውን ባይከፍቱለት ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ሙላቱ አስታጥቄም እንዲሁ ናቸው። ወላጆቻቸው ለምህንድስና ትምህርት ወደ ዌልስ ላኳቸው፤ በዚያ ትምህርት ቤት ግን መለከት ተፈቅዶላቸው ስለ ነኩ ስጦታቸው ታወቀ። መሣሪያውን ባይነኩ ኖሮ ምናልባት መካከለኛ መሐንዲስ ይሆኑ ነበር እንጂ የኢትዮ ጃዝ አባት አይባሉም ነበር። በልጅ ውስጥ ያለውን ስጦታ አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም የለም፤ ልጁም ራሱ አያውቀውም። የሚታወቀው መሣሪያውን ሲነካ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ከመሐል አገር ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሶሳና ወደ ቤኒሻንጉል እንሻገር፤ ምክንያቱም መሣሪያ ለልጆች እንዴት እንደሚገኝ የሚያስተምር ትልቅ ምሳሌ በዚያ አለና። በበርታ ሕዝብ ዘንድ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለ። ዋዛ የሚሠራው ከቅል ነው። ቅሉ እየተቈረጠ፣ አንዱ ከሌላው አፍ እየገባና እየተጋጠመ፣ ረጅም መለከት ይሆናል። ከአጭሩ እስከ ረጅሙ ዐሥርና ከዚያም በላይ ሆነው በአንድነት ይነፋሉ፤ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ዋዛ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ የራሱን አንድ ድምፅ ሲያስገባ ነው። አንዱ ቢቀር ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ ማበጠሪያ ይሆናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በዋዛ ላይ ተፈጽሞ አየሁት። ሁለት ትምህርትም ወሰድሁበት። አንደኛው፣ መሣሪያ ከሩቅ አገር በመርከብ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ነው። ቅል ከአጥር ላይ ይበቅላል። ሁለተኛው፣ አንድ ልጅ ሙሉውን ሙዚቃ መቻል እንደማያስፈልገው ነው። አንድ ድምፅ በደንብ የያዘ ልጅ ከትልልቆች ጋር ተሰልፎ መቆም ይችላል። ለጀማሪ ልጅ ከዚህ የበለጠ ማበረታቻ የለም።

እንዲህ ያለ ሀብት ባለበት አገር ውስጥ ግን ሌላም ነገር አይቻለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ ከባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች አንድ ሣጥን የሙዚቃ መሣሪያ መጣልን። ዋሽንት የሚመስሉ የእንጨት ነፊዎች፣ ሁለት መለከትና አንድ ቫዮሊን ነበሩበት። ልጆቹ ሣጥኑ ሲወርድ ዙሪያውን ከበቡት። ንብረት ክፍሉም በደንቡ መሠረት በሞዴል 19 ገቢ አደረገው። በሞዴል 22 ወጪ የሆነበትን ቀን ግን አላየሁም። «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» ተባለ፤ «ቢጠፋስ ማን ይጠየቃል?» ተባለ። እኔም ስለ ልጆቹ ደጋግሜ አመለከትሁ፤ መልሱ ያው ነበር። እንግዳ በመጣ ጊዜ ሣጥኑ ይከፈታል፤ እንግዳው ያደንቃል፤ ሣጥኑም ይዘጋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቫዮሊኑን ሙጫ እርጥበት አላቀቀው፤ የመለከቱም መርገጫ ዝጎ ደረቀ። ያ ሁሉ መሣሪያ አንድም ልጅ ሳይሰብረው ተሰበረ።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበረው ነገር ከዚህ የተለየ ነበረ። በጸሎት ቤቱ ውስጥ በእግር የሚረገጥ አንድ አርሞንየም ብቻ ነበረን። የጸሎት ቤቱን የሚጠርጉ ልጆች ቍልፉ ስለሚሰጣቸው፣ ጠርገው ሲጨርሱ ጥቂት ጊዜ እንዲነኩት ይፈቀድላቸው ነበር። ከመካከላችን አርሞንየም መጫወት የቻሉት እነማን ይመስሏችኋል? በክፍል አንደኛ የሚወጡት አልነበሩም፤ መጥረጊያ የያዙት ነበሩ እንጂ። ጉዳዩ የአእምሮ ብልጫ ሳይሆን የቍልፍ ጉዳይ ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት በመላው አገራችን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በታዘዘ ጊዜ ይህ ነገር ለሁሉ ግልጽ ሆነ። ልጆች በቤታቸው ለወራት ተቀመጡ። መጽሐፉን ይዞ የሄደ ልጅ መጽሐፉን አነበበ። ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ዕቃው ያለው ቤተ ሰብ ተከታተለ። መሣሪያው በትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት የቀረበት የሙዚቃ ተማሪ ግን ምን ያድርግ? ክራር በቤቱ የነበረው ልጅ በእነዚያ ወራት ትዝታንና ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለመለየት ከማናቸውም ጊዜ የበለጠ ሰዓት ነበረው። ያልነበረው ልጅ ያን ጊዜ በከንቱ አሳለፈው።

በሌላ አገር ያሉ ሰዎች ይህን ችግር እንዴት እንደ ፈቱት ማወቅ ይጠቅማል። በቬኔዙዌላ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው የተባሉ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ዐሥራ አንድ ልጆችን በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቤት ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ሥራው እየሰፋ ሄዶ በመላው አገሪቱ የልጆች ኦርኬስትራዎች ተቋቋሙ። ለትንንሾቹ ልጆች የተደረገው ዘዴ በጣም ደስ ያሰኛል። ልጁ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ከወረቀትና ከካርቶን ቫዮሊን ይሠራል፤ በዚያም አያያዙን፣ አቋቋሙንና ጥንቃቄውን ይማራል። የወረቀቱን በደንብ ከያዘ በኋላ እውነተኛውን ይቀበላል። ወላጁም በእጁ አብሮ ስለ ሠራ ዕቃውን አይንቀውም።

በፓራጓይ አገር ካቴውራ በሚባል የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ባለ መንደር ደግሞ ፋቪዮ ቻቬስ የተባሉ መምህር ለደኻ ልጆች ሙዚቃ ማስተማር ጀመሩ። በዚያ መንደር እውነተኛ ቫዮሊን ከአንድ ጎጆ የበለጠ ዋጋ ስለ ነበረው፣ ልጁ ይዞት ወደ ቤት ቢገባ ለሌባ ይጋለጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ቆሻሻ የሚለቅም ሰው ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከሹካና ከአሮጌ እንጨት ቫዮሊንና ሴሎ ሠራላቸው። ሌባ የማይፈልገው፣ ልጅ ግን የሚማርበት መሣሪያ ተገኘ። ኦርኬስትራውም ብዙ አገሮችን ዞረ። የእኛ ክራር ሠሪዎችም ገበቴ ባጡ ጊዜ የብረት ሳህን ይጠቀማሉና ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለእያንዳንዱ ጥቂት ምክር አለኝ።

ለትምህርት ቤት ሹማምንት፦ የመማሪያ መጽሐፍ በወላጅ ፊርማ ለተማሪ ይሰጣል፤ ዓመቱም ሲያልቅ ይመለሳል። መሣሪያም በዚሁ ደንብ ይሰጥ። መሣሪያው ጥቂት ከሆነ ሁለት ሁለት ሳምንት በተራ ይዙር። ከሚሰበረው ላይ ጥቂቱ መሰበሩ አይቀርም፤ ይህንም አስቀድሞ በሒሳብ መያዝ ነው እንጂ ልጆችን ሁሉ መከልከል መፍትሔ አይደለም።

ለበጎ አድራጊዎች፦ አንድ ትልቅ መሣሪያ ከባሕር ማዶ ከምትልኩ፣ በዚያው ገንዘብ ከአገር ውስጥ ሠሪዎች ብዙ ክራርና ዋሽንት ብትገዙ ሁለት ሰው ትጠቅማላችሁ፤ ልጁንም ሠሪውንም። ትርፍ አውታር አብራችሁ ስጡ። አውታሩ ተበጥሶ የተሰቀለ ክራር ከግድግዳ ጌጥ አይበልጥም። የሚያስተምረውንም ሰው ደመወዝ አትርሱ።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ ሲጀምር ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ታገሡት። የፊደል ገበታ ይዞ «ሀ ሁ» ሲል አልሰለቻችሁትም። ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡት። «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» የሚለውንም ቃል ከቤታችሁ አውጡት። አዝማሪ ያለፈውን ዘመን ታሪክ በአፉ የያዘልን ባለ ሙያ ነው፤ ሊከበር እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም።

ለእናንተ ለልጆች ደግሞ፦ የተሰጣችሁን መሣሪያ እንደ ዐይናችሁ ጠብቁ። ክራራችሁን ከእርጥበት አርቁት፤ ቈዳው ይላላልና። ብዙ ፀሐይ ላይም አታኑሩት፤ ይሰነጠቃልና። ዋሽንታችሁን ነፍታችሁ ስትጨርሱ ጥረጉት። በቤታችሁ ምንም መሣሪያ ከሌለም አትዘኑ። ጉሮሮ አላችሁ፤ እጅ አላችሁ፤ ቅልና ሸምበቆ የሚያበቅል አገር አላችሁ። በሰፈራችሁ አንድ የሚያውቁ ሽማግሌ ፈልጉ፤ ውኃ ቅዱላቸው፤ እንጨት ፍለጡላቸው፤ ከዚያም እንዲያስተምሯችሁ ለምኗቸው።

እኔ የምኖረው በደብረ ዘይት ነው። ስሙ በኢየሩሳሌም ፊት ለፊት ያለው፣ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ስለ መጨረሻው ቀን ያስተማረበት ተራራ ስም ነው፤ በዐቢይ ጾምም አምስተኛው እሑድ በዚሁ ስም ይጠራል። የሚቀጥለው እሑድ ግን ገብር ኄር ይባላል፤ የሚነበበውም ስለ መክሊቱ ምሳሌ ነው። አምስት የተቀበለው አምስት አተረፈ፤ ሁለት የተቀበለው ሁለት አተረፈ፤ አንድ የተቀበለው ግን ምድርን ቈፍሮ ቀበረው። እኔ ይህን ምሳሌ በሰማሁ ቍጥር ያ ሣጥን ትዝ ይለኛል። ሦስተኛው ባሪያ ሌባ አልነበረም፤ መክሊቱን አላጠፋም፤ አልሰበረምም። ጌታው በመጣ ጊዜ እንደ ነበረ አውጥቶ መለሰለት። ምክንያቱንም ሲጠየቅ «ፈራሁ» አለ። የተፈረደበትም መክሊቱን ስላጐደለ አይደለም፤ ፈርቶ ስለ ቀበረው ነው።

በአገራችን በየግምጃ ቤቱ በሞዴል ተመዝግቦ፣ አቧራ ለብሶ፣ ሳይጐድል የተቀመጠ መሣሪያ ሁሉ እንዲሁ የተቀበረ መክሊት ነው። የግምጃ ቤቱን ቍልፍ የያዛችሁ ሁሉ ከመሣሪያው አንዱን ዛሬ ማታ ለአንድ ልጅ አስይዛችሁ ስደዱት። ጧት ሲመለስ ምናልባት አንድ አውታር ተበጥሶ ይሆናል፤ ልጁ ግን አንድ ዜማ ይዞ ይመጣል።